የደምለው ዜሮ ለዜሮ

ሰኔ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሮብ ገበያ

ልጄን ደምለውን ከቀበርን ሳምንት ሆነ። ሐዘንተኛው ወደየቤቱ ሄዷል። የቀረነው እኔና እኅቱ ወለላ ነን። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወለላ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ይህን ደብተር አመጣችልኝ። «እማ፣ ለሰው የማትነግሪውን እዚህ ጻፊው» አለች። እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ እንደ ድንች እየተከልኩ ነው የምጽፈው።

ሰው ሁሉ የሚለው «ግንቡ ሞተ» ነው። ልጄ ስም እንደሌለው። ደብረ ማርቆስ ለከተማው የእግር ኳስ ክለብ ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት ደጋፊዎች ያወጡለት ስም ነው። ለቅሶው ላይ ማሊያውን እንጨት ላይ ሰቅለው ዞሩበት። አልቃሿ «አንድም ሰው አላሳለፈ» ብላ ስትገጥም ወንዶቹ አጨበጨቡ። ለቅሶ ላይ ይጨበጨባል? ቀፈፈኝ።

የገደለው ጉበቱ ነው። ሐኪሙም ጉበት ነው ብሏል። ሌላ የሚያወሩትን አልሰማም።

ሰኔ 19

ወለላ ማርቆስ ሄዳ ከተከራየበት ክፍል ዕቃውን አመጣች። ብርድ ልብስ፣ ታኬታ ጫማ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ሲዲ ማጫወቻ። አከራይዋ ባዶ ጠርሙሶቹን አውጥታ ጥላቸዋለች አለችኝ። የምን ጠርሙስ ብዬ አልጠየቅኋትም። የዘይት ይሆናል።

ሰኔ 22

ታረቀኝ የሚባል ሰው ከማርቆስ መጣ። የክለቡ ደጋፊዎች ሊቀመንበር ነኝ አለ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ፣ ጠላ ቀዳሁለት።

«እትዬ የብርጓል፣ የአርባውን ተዝካር ለእኛ ይተዉት። በሬውም ድንኳኑም ከክለቡ ነው። እርስዎ ቁጭ ብለው ማልቀስ ብቻ!»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«በዚያውም የ1996ቱን ጨዋታ በትልቅ ቴሌቪዥን እናሳያለን። ልጅዎ እኮ ያን ቀን ከተማውን አድኗል! ከሊጉ እንዳንወርድ አቻ ብቻ ነበር የሚበቃን።»

«ስንት አገባ?» አልኩት።

እየሳቀ ጠላውን ሊደፋው ደረሰ። «ምንም! ማንም ምንም አላገባም። ዜሮ ለዜሮ። ውበቱ እሱ አይደል!»

እሺ አልኩ። በሬውም አጓጉቶኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ያለ በሬ ተዝካር ሰው ምን ይላል?

ሰኔ 26

ዛሬ ጨዋታውን አየሁት። ሲዲው ከደምለው ዕቃ ውስጥ ነበር። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አሳይቶኝ አያውቅም።

ሲጀምር ቀይ ልቦችና ሁለት ቀለበቶች እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ፣ የሠርግ ዘፈን ይዘፈናል። የቀረጸው ሰው ሠርግ አንሺ ስለሆነ ሌላ መክፈቻ የለውም አለች ወለላ። ከዚያ ሜዳው። ጭቃ። ኳሷ ወደ ሰማይ ትለጋለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትለጋለች። የእኛዎቹ ሁሉም ከራሳቸው በረኛ ፊት ዝናብ እንደያዘው በግ ተኮልኩለዋል። አንድ ነገር ልሥራ የሚል ከመካከላቸው የለም። ሌላው እንዳይሠራ ብቻ። ሲያልቅ ልጅ እንደተወለደላቸው ይተቃቀፋሉ።

ለዚህ ነው ከተማው የሚያለቅሰው? ሲተቃቀፉ አጥፊው አልኳት።

ሰኔ 30

ዝናብ። ይህ ቆርቆሮ ሲጮህ ሰው የራሱን ሐሳብ አይሰማም። ሣር ክዳን ሳለ ቤቱ ዝም ያለ ነበር። ወለላ «እማ፣ አምስት ዓመት ያልለመድሽው ቤት» ብላ ሳቀችብኝ።

ደግሜ አየሁት። ዛሬ ልጄን ብቻ ተከተልኩ። ከመሐሉ መስመር ወዲያ አያልፍም። ዐሥራ አንድ ቁጥር የለበሰ ቀጭን ልጅ አለ፣ ደምለው ከእሱ አይለይም። ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ማሊያውን ይዞ ይጎትተዋል። ተረከዙን ይረግጠዋል። ሲወድቅ እጁን ሰጥቶ ያነሣዋል፣ እያነሣውም ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ይለዋል፣ ይስቃል።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆኖ የእኅቱን ድርሻ በልቶ «እኔ አላየሁም» ሲል የሚስቀው ነው። ያኔ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ዛሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሐምሌ 3

ሦስተኛ ጊዜ። ለምን እንደማየው አላውቅም። ቁስል እንደሚነካካ ሰው ሆኛለሁ።

ከዕረፍት በኋላ ነው። ከሚቀርጸው ሰውዬ አጠገብ የቆመ አንድ ሰው «ደምለው! ጨርሰው! ዐሥራ አንዱን ጨርሰው!» ይላል። ድምፁን አወቅሁት። እቤቴ ተቀምጦ ጠላዬን የጠጣው ታረቀኝ ነው። ወዲያው ሕዝቡ ይነሣል፣ ቀራጩም ሜዳውን ትቶ ካሜራውን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። የሚታየው እጁን ሰቅሎ የሚዘል ሰው ነው። የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ከጀርባ አንድ ሰው ይጮሃል። ልጅ እንደምታምጥ ሴት።

ካሜራው ሲመለስ ዐሥራ አንድ ቁጥርን አራት ሰዎች ተሸክመውታል። አንደኛው እግሩ ከሌላው ጋር አይሄድም። ልጄ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን እየሳበ ነው።

«ይህ ልጅ ማን ነው?» አልኳት ወለላን።

«እንዳላማው ይባላል። የደጀን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ኳስ ነክቶ አያውቅም። ሁሉም ያውቀዋል፣ እማ።»

«እኔ አላውቀውም።»

አየችኝ። ከዚያ እንስራውን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ማድጋው ግን ሙሉ ነበር።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ኪዳንን ያዝኳቸው።

«አባ፣ አንድ ሰው የበደለውን ሰው ሳይታረቅ ቢሞት ምን ይደረጋል?»

«ማን ነው ሰውየው?»

«አንድ ሰው።»

ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ጆሯቸው አልደከመም። መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ተበዳዩ ካለ ፈልጊው። ከተዝካሩ ማዕድ ይቅመስ። ሕዝቡ ሁሉ ‹እግዚአብሔር ይፍታው› ሲል እሱም ይበል። የሺህ ሰው ይፍታው የአንዱን አይተካም።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ማለት ይችላል» አሉኝ። ምንም አላቃለሉልኝም።

ሐምሌ 8

ገበያ ወጥቼ ድንች ሸጥኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «እናቱ እንኳ አታውቅም ይላሉ።» «ኧረ ተይኝ! ቤቷን ቀና ብላ አታይም?» ዞር ስል የድንቹን ዋጋ ጠየቁኝ። ቆሻሾች።

ሐምሌ 9

አጭር ልጻፍ። መብራት ሊጠፋ ነው። በ1997 ጥቅምት መሰለኝ ደምለው መጥቶ «እማ፣ ደጀን አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ብቻዬን ከበደኝ» አለኝ። ለምን አልኩት። ዝም አለ። ቤቱ ይከደንና እንሄዳለን አልኩት። ቤቱ ተከደነ። ከዚያ አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁትም። ሥራ ነበረብኝ።

ሐምሌ 10

ዛሬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሁልጊዜ ሲተቃቀፉ ነበር የማስጠፋው።

ከመተቃቀፉ በኋላ ኮት የለበሰ ሰው ለተጫዋቾች ፖስታ ያድላል። ለልጄ የሰጠው ከሌሎቹ ይወፍራል። ቀራጩ «ግንቡ፣ በዚህ ምን ታደርግበታለህ?» ይለዋል። ደምለው ጭቃውን ከፊቱ ጠረገ። እንደ ሕፃን ሳቀ። «የእናቴን ሣር ቤት ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ» አለ።

ከደመወዜ ቆጥቤ ነው ብሎኝ ነበር። ከደመወዙ ነው ብዬ ያዝኩት። ያንለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ እልል አስብያለሁ።

ወለላ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ውጪ ዝናብ ጀመረ። ጆሮዬን በነጠላዬ ደፈንኩ።

ሐምሌ 12

ትናንት ደጀን ደርሼ መጣሁ። ለወለላ ለስለት ነው ብያት ነበር፣ አላመነችኝም።

እንዳላማው ጎማ ይጠግናል። የጎሚስታ ቤቱ ከአባይ በረሃ የወጡ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ዳር ነው። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ቀኝ እግሩ ወደ ጎን ተዘርግቷል። አይታጠፍም። ቀጭኑ ልጅ ወፍሯል፣ ጺም አብቅሏል። አንድ ሹፌር «እንዳላማው፣ ቶሎ በል እንጂ፣ ሩጥ!» ይለዋል። «ሮጬ ጨርሻለሁ፣ አንተ ሩጥ» ይመልስለታል። ሁለቱም ይስቃሉ። የለመዱት ቀልድ ነው። እኔን ግን ደሜን አፈላው።

«እማማ፣ የምን መኪና ይዘው ነው?» አለኝ።

«መኪና የለኝም። ለተዝካር ልጠራህ ነው።»

«የማን?»

«የልጄ። የደምለው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ግንቡ ሞተ?»

«በሰኔ።»

«እኔ ሳልሞት?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ተወው። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠረገ፣ ጥቁሩ ግን አይለቅም። «ምን ሆኖ?»

«ጉበቱን።»

«ገባኝ» አለ። ምኑ ገባው? ላናግረው አልፈለግሁም፣ ግን የመጣሁበትን ነገር መናገር ነበረብኝ። ከሁሉም ጋር አብረህ እግዚአብሔር ይፍታው እንድትልልኝ ነው አልኩት።

«አምስት ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ተቀምጫለሁ» አለ። «አዲስ አበባ ለጨዋታ ሲሄዱ የክለባቸው አውቶቡስ እዚህ ይቆማል። ሁሉም ይወርዳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። እሱ አይወርድም። መጋረጃ ይስባል። አንዴ ወርዶ ቢሰድበኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።»

«ና እባክህ፣ ልጄ።»

«እመጣለሁ አልልዎትም፣ እማማ። አልመጣምም አልልም።»

ተነሥቶ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ከዘራ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ አሮጊቷ እየጠበቅሁት።

ሐምሌ 15

ታረቀኝ ቴሌቪዥኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሊያይ መጣ።

«ጨዋታው ይቅር» አልኩት።

«ምን አሉኝ?»

«ቪዲዮው ይቅር።»

«እትዬ የብርጓል፣ ሰው ተጠርቷል! ከማርቆስ ሁለት መኪና ደጋፊ ይመጣል። ለዚያ ብለው እኮ ነው የሚመጡት።»

«ለልጄ ነፍስ መስሎኝ።»

«ለሱም፣ ለሱም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሬው ተገዝቷል» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ብሎ ወሰደው። እኔም እንዲወስደው ነበር የፈለግሁት መሰለኝ። ራሴን ተጸየፍኩት።

ሐምሌ 17

አርባው ዛሬ ሞላ። ዓርብ ስለዋለ ጸሎቱ ብቻ ተደረገ፣ ድግሱ ለእሑድ ነው። ጌሾ ስወቅጥ ዋልኩ። ይመጣ ይሆን? ባይመጣ ይሻላል? ሁለቱንም እየለመንኩ ነው። እግዜር የቱን ይስማኝ።

ሐምሌ 20

ትናንት ያለፈውን ሳልረሳው ልጻፍ። ረዥም ነው።

ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ነበር። ካህናቱ ከላይ፣ ደጋፊዎቹ ከመካከል ተቀመጡ። ማሊያ ለብሰው የመጡ አሉ። ሥጋው ሲቀርብ እንዳላማው ከዘራውን ይዞ ከበሩ ገባና መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላወቀውም። ወለላ ግን አየችው፣ አየችኝ፣ እንጀራና ወጥ ይዛ ሄደች። ሲጎርስ አየሁት። ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ታረቀኝ ያኔ ጄኔሬተሩን አስነሣ። ልቦቹ ወረዱ፣ ቀለበቶቹ ዞሩ፣ የሠርግ ዘፈኑ ድንኳኑን ሞላው። አባ ገብረ ኪዳን ፊታቸውን አዞሩ። እኔ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሄጄ ማጥፋት እችል ነበር። አሥር እርምጃ አይሆንም። አልሄድኩም።

ደጋፊዎቹ ሁሉን በቃላቸው ያውቁታል። «አሁን ያወጣታል! ይኸው!» ይላሉ። አጥንት እየጋጡ ይጮሃሉ። ከአፋቸው የሚረጨው ቅባት ቴሌቪዥኑ ድረስ ይደርሳል። የታረቀኝ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ «ጨርሰው!» ሲል ታረቀኝ ራሱም ከድንኳኑ ውስጥ አብሮ «ጨርሰው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። በቴሌቪዥኑ ሕዝቡ ዘለለ፣ እዚህም ዘለሉ። ያ ጩኸት መጣና አለፈ።

«ወደ ኋላ መልሱልኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ። እንዳላማው ነው።

«አየህ! ግንቡን ወደድከው አይደል?» አለ ታረቀኝ ደስ ብሎት። መለሰው። ጩኸቱ እንደገና መጣ።

«አንዴ ደግሞ።»

መለሰው። አሁን ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ።

«ያ የሚጮኸው እኔ ነኝ» አለ እንዳላማው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሰምቼው አላውቅም ነበር። አልጮህኩም እያልኩ ነበር ለሰው የማወራው።»

ጎርሶ ያላላመጠ ብዙ ነበር። ታረቀኝ ጠላ ቀድቶ ወደ እሱ ሄደ። «ኧረ ጨዋታ ነው፣ ወንድሜ! ኳስ ላይ ያጋጥማል። ይልቅ እንካ፣ ጠጣ።»

ያኔ ነው እግሬ የታዘዘልኝ። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ ትቼ የቴሌቪዥኑን ሽቦ ነቀልኩ።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

«ውጣልኝ» አልኩት። «ከነበሬህ።»

«በሬውን እየበሉት እኮ ነው!» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በልጄ ተዝካር።

አባ ገብረ ኪዳን ተነሡና ጸሎቱን አደረሱ። «እግዚአብሔር ይፍታው በሉ» አሉ። ሁሉም አለ፣ ደጋፊዎቹ እንደ ስታዲየም ጮኸው አሉ። እኔ የአንድ ሰው አፍ ብቻ ነበር የማየው። አልተከፈተም።

ሰው ሲበተን ወደ ማርቆስ የሚመለስ ቦታ ያለው መኪና አልነበረም፣ እንዳላማው ደግሞ ከደጋፊዎቹ ጋር አልሄድም አለ። እቤት አደረ። መደብ ላይ አነጠፍኩለት። ዶፍ ወረደ፣ ቆርቆሮው መጮህ ጀመረ።

«ልልልዎ ነበር የመጣሁት፣ እማማ» አለኝ። «ጎርሼም ነበር። ግን እነሱ ገና እየሰበሩኝ ነው። እንዴት ልበል?»

«አውቃለሁ።»

ጥቂት ዝናቡን አዳመጠ። «ጥሩ ቆርቆሮ ነው። መቼ ነው የተሠራው?»

«ቆየ» አልኩት።

ጠዋት ሲሄድ ከደጃፉ ቆሞ ከዘራውን ብብቱ ሥር አደረገ። «ላሳደሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ቤትዎን ይባርከው» አለ። አሜን ማለት አቃተኝ። ቤቱ ሲመረቅለት አሜን የማይል ማን አለ? ሐዘኑ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም የሄደው።

ነሐሴ 11

ፍልሰታ ነው። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ለመቁረብ ግን አልቀርብም። አባ ለምን አሉኝ። ታምሜያለሁ አልኩ።

ታረቀኝ በሰው እጅ አዲስ ሲዲ ላከ። «መታሰቢያ» የሚል ተጽፎበታል፣ የልጄ ፎቶ በአበባ ተከብቧል። ወለላ ከፍታ አየችው። ጩኸቱን አውጥተው ዘፈን አስገብተውበታል አለችኝ። የሠርጉን።

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይጠመቁበታል። ከቤቴ ጣራ የሚወርደው ስለሚበዛ ሁሉም የመጡት ከእኔ ደጅ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ተደርድረው ይስቃሉ። «እማማ የብርጓል ጠበል!» ይላሉ። ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ወደ ውስጥ ገባሁ።

ነገ ደጀን እሄዳለሁ አልኳት ወለላን። ለምን አላለችኝም። ነጠላዬን አጥባ አሰጣችልኝ።

ጳጉሜ 4

ስደርስ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በውኃ ገንዳ ውስጥ ደፍቆ የሚተነፍስበትን ይፈልግ ነበር። ቀና ብሎ «ደግሞ የማን ተዝካር ነው?» አለኝ።

«የማንም አይደለም። አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ።»

በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኩት። ያ ቆርቆሮ በዚያ ቀን ፖስታ የተገዛ ነው፣ ያደርክበት ቤት፣ የመረቅከው ቤት ነው አልኩት። እልል ማስባሌንም ነገርኩት። ደምለው አብረሽኝ ደጀን ነይ ሲለኝ ቤቱ ይከደን እንዳልኩትም። ይህን ለአባ እንኳ አልነገርኩም።

እጁን ከውኃው አላወጣም። ላስቲኩን አዞረ፣ ደፈቀ፣ አየ። አንድ ሹፌር መጥቶ «አልቋል?» አለው። «አላለቀም» አለው። ሹፌሩ ሄደ።

«ልምጣ ብሎ ነበር?» አለኝ።

«ብሎ ነበር።»

ወደ ላስቲኩ ተመለሰ። መኪኖቹ ያልፋሉ፣ ጭቃ ይረጩብናል። እኔ የሚሰድበኝን እየጠበቅሁ ነበር። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ያፈሳል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቆርቆሮው።»

«አያፈስም» አልኩት። «አንድ ቀን አፍስሶ አያውቅም።»

ሳቀ። ከሹፌሮቹ ጋር የሚስቀውን ዓይነት አይደለም። «እግሬን ያህል ነገር ሰጥቼበት ቢያፈስ ኖሮ እበሽቅ ነበር» አለ። ከላስቲኩ አንድ ቀጭን የአረፋ መስመር ወጣ። አውራ ጣቱን አሳረፈበትና ያዘው። ዓይኑን ከዚያ ሳያነሣ፣ ለማንም የማይናገር መስሎ፣ «እግዚአብሔር ይፍታው» አለ።

አሜን አልኩ።

«ያን ፊልም ግን» አለኝ።

«ሁለቱንም ሲዲ ገብሱ ላይ ሰቅያቸዋለሁ፣ ወፍ ያባርራሉ።»

«ያባርራሉ?»

«አንድም አያሳልፉም» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የአልቃሿን ግጥም እንዳልኩ የገባኝ። ሁለታችንም ወደ ገንዳው አየን።

እቤት ስገባ መሽቶ ነበር። ዝናብ። ወለላ እራት አቀረበች፣ ምን አለ አላለችኝም፣ ፊቴን ብቻ አየች። ቆርቆሮው ይጮሃል። ዛሬም ጠላሁት። ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም።